የአባትዎን ፒፓ አይፋቁት

ጥያቄ፦ «አባቴ ወጣት ሳለ ለትምህርት ጣሊያን ሄዶ የገዛው የእንጨት ፒፓ ነበረው። ዕድሜ ልኩን ያጨሰው በእሱ ነው። ካረፈ በኋላ እናቴ እኔ ወዳለሁበት ወደ ሜሪላንድ ስትመጣ ይዛልኝ መጣች። በግራ ጎኑ ላይ ጢሙ የወረደ፣ ራሱ ላይ የጠመጠመ ሰው ፊት ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። እናቴ ‹አባትህ ራሱ ነው› ትላለች፤ እንዲያውም ማታ ማታ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል እያለች ታስቀኛለች። እኅቴ ቅዱስ ሥዕል ስለሆነ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጠው ብላኛለች። ባለቤቴ መጀመሪያ ምንም አልታያትም ነበር፤ ካሳየኋት ወዲህ ግን እሷም ታየዋለች። ሠሪው ሆን ብሎ የሳለው ነው ወይስ የትምባሆው ጭስ ያወጣው? ልጅ ሆኜ ከማውቀው አሁን የጠቆረ ይመስለኛል። በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ቫርኒሽ ብቀባው ይበልጥ ይጎላል? ብሸጠውስ ምስሉ ዋጋ ይጨምርለታል?»

ምላሽ፦ የብርጭቆ ወረቀቱን ወደ መሳቢያው ይመልሱት። ፊቱን ማንም አልሳለውም፤ ጭሱም አላወጣውም። ቢፍቁት አይጎላም፣ ይጠፋል እንጂ። ለምን እንደሆነ እንዲገባዎ ከእንጨቱ ልጀምር፤ የነገሩ ግማሽ ያለው እዚያ ነው።

ከጣሊያን የተገዛ የእንጨት ፒፓ፣ የተለየ ነገር ካልተጻፈበት በቀር፣ ኤሪካ አርቦሪያ ከሚባለው ተክል ጉጥ የተሠራ ነው። ተክሉን ሳያውቁት አይቀሩም፤ የእኛው አስታ ነው። ሰሜን ተራሮች ወይም ባሌ የወጣ ሰው ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ከፍታ ላይ ቅጠሉ ደቃቅ፣ ቅርንጫፉ ላይ ሽበት መሰል ነገር የተንጠለጠለበት ሆኖ ያገኘዋል። በሜድትራኒያን ባሕር ዙሪያም፣ በካላብሪያ፣ በቶስካና፣ በሰርዴኛ፣ በኮርሲካ፣ በግሪክና በአልጄሪያ ይበቅላል። ለፒፓ የሚፈለገው ግንዱም ቅርንጫፉም አይደለም። ግንዱና ሥሩ በሚገናኙበት ቦታ፣ አፈር ውስጥ እያበጠ የሚያድግ ጉጥ አለ፤ የሚፈለገው እሱ ነው። ጉጡ የተክሉ ስንቅ ነው። እሳት ከላይ ያለውን ሁሉ ቢበላው እንደገና የሚያቆጠቁጠው ከዚያ ነው። ባሌ ውስጥ ለግጦሽ ተብሎ የተቃጠለ አስታ ተመልሶ የሚለመልመውም በዚሁ ምክንያት ነው። የፈረንሳይዋ ሴንት ክሎድ ከተማ ይህን ጉጥ ለፒፓ መጠቀም የጀመረችው በ1850ዎቹ አካባቢ ነው (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፤ ጣሊያኖቹም ብዙ ሳይቆዩ ተከተሉ። ከሌላው እንጨት የመረጡት ሙቀት ስለሚችልና ቶሎ ስለማይቃጠል ነው እንጂ ለውበቱ ብለው አልነበረም።

(በነገራችን ላይ «እኛስ አስታ እያለን ለምን ፒፓ አንሠራም?» የሚሉኝ አሉ። ጉጡን ማውጣት ተክሉን መግደል ነው፤ ያውም በብሔራዊ ፓርኮቻችን ውስጥ የሚገኝ ተክል ነው። ደግሞም ጥሬው ጉጥ ለሰዓታት በውሃ ካልተቀቀለና ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በጥላ ካልደረቀ ይሰነጠቃል።)

አሁን ወደ ምስሉ። ቀጥ ብሎ ያደገ ግንድ ሲሰነጠቅ መስመሩ እንደተሰመረ ደብተር እኩል እኩል ይወርዳል። ጉጡ ግን የሚያድገው ከመሐል ወደ ሁሉም አቅጣጫ ነው፤ ጭረቶቹ ከእምብርቱ ተነሥተው ወደ ልጡ ይበተናሉ። ስለዚህ መጋዙ ከጭረቶቹ ጎን ለጎን ከሄደ ገጹ ላይ ረጃጅም መስመር ይወጣል። ጭረቶቹን አቋርጦ ከሄደ ደግሞ የእያንዳንዱ ጫፍ ትንሽ ክብ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ይህን ነጥብ ፒፓ ሠሪዎች የወፍ ዓይን ይሉታል። ትምባሆው የሚሞላበት የፒፓው ራስ ክብ ስለሆነ ሁለቱም በአንድ ዕቃ ላይ ይገናኛሉ፤ በአንዱ በኩል መስመሩ፣ በሌላው በኩል የወፍ ዓይኑ። ዋናው ነገር ያለው በሁለቱ ድንበር ላይ ነው። መስመሩ አልቆ ነጥቡ በሚጀምርበት ቦታ ጭረቶቹ ይታጠፋሉ፣ ይጠመዘዛሉ፣ ዞረው ይገጥማሉ። ጢሙንም ጥምጥሙንም የሠራው ይህ መታጠፊያ ነው። በላዩ ሁለት ጎላ ያሉ ነጥቦች በአንድ ከፍታ ላይ ከዋሉ፣ ከሥራቸውም አንድ አግድም መስመር ካለ፣ ለዓይን ሌላ ነገር አያስፈልገውም።

ሁለተኛም ምንጭ አለ። ጉጡ አፈር ውስጥ ስለሚያድግ አሸዋና ጠጠር እየዋጠ ያልፋል። እንጨቱ ቶርኖ ላይ ሲዞር እነዚህ ቦታዎች ቀዳዳ ሆነው ይወጣሉ። ርካሽ ፒፓ ላይ ቀዳዳው በስቱኮ ተደፍኖ ከእንጨቱ ጋር በሚመሳሰል ቀለም ይሸፈናል። ስቱኮው ግን ዓመታት በሄዱ ቁጥር ከእንጨቱ እኩል አይጠቁርም፤ አዲስ ሳለ ተደብቆ የነበረው እድፍ ቀስ በቀስ ራሱን ያጋልጣል። ጥገና ለማድረግ እጄ በገቡ ፒፓዎች ላይ «ዓይን» ከተባሉት ውስጥ ቀላል የማይባለው ስቱኮ ነው።

እንዲህ ስል ሠሪው እጁ የለበትም ማለቴ አይደለም። እንጨቱን አዟዙሮ የትኛው መስመር በየት በኩል እንዲወጣ ይመርጣል። ቀጥሎ ጥቁር ወይም ድፍን ቡናማ ቀለም በአልኮል በጥብጦ ይቀባዋል፤ የእንጨቱ ለስላሳ ክፍል ቀለሙን ይጠጣል፣ ጠንካራው አይጠጣም። ከዚያ ላዩን በስሱ ሲፍቀው ጥቁሩ ከጠንካራው ላይ ይለቅና በለስላሳው ውስጥ ብቻ ይቀራል። በመጨረሻ ቀላ ያለ ቀለም ይደርብበትና ካርናውባ በሚባለው የዘንባባ ሰም ይወለውለዋል። ዓላማው መስመሩ እንዲጎላ ነበር፤ ፊት ይውጣ አይውጣ አላሰበበትም። የእርስዎ ጢማም ሰው ያለው በዚያች ስስ የቀለም ንብርብር ላይ ነው። የብርጭቆ ወረቀት መጀመሪያ የሚያነሣው እሷን ነው። ከሥሯ ሌላ የእንጨት መስመር ያገኙ ይሆናል፤ ሌላ መስመር ማለት ግን ሌላ ምስል ነው።

የምለውን ራስዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። ክፍሉን አጨልመው የስልክዎን መብራት ከጎን፣ ገጹን ሊነካ እስኪል ድረስ ዝቅ አድርገው ያብሩ፤ በማጉያ መነጽርም ይመልከቱ። ሰው የቀረጸው ከሆነ መስመሩ ጥላ ያለው ቦይ ይሆናል፣ ጥፍርዎንም ይይዘዋል። በጋለ ብረት የተሣለ ከሆነ ጠርዙ የተለበለበ ነው። ሁለቱም የእንጨቱን መስመር ሳያከብሩ ከላይ አቋርጠው ያልፋሉ። የተፈጥሮው መስመር ግን ከጎረቤቱ ጋር አብሮ ይታጠፋል፤ ከ«ጢሙ» ውጭ ተከትለውት ቢሄዱ እስከ ፒፓው አፍ ወይም እስከ አንገቱ ሳይቋረጥ ይወስድዎታል። ስቱኮ ከሆነ መስመሩ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ድንገት ይቆማል፤ ቦታውም ብርሃን ሲያርፍበት ደብዛዛ ነው። ይህን ካዩ በኋላ ፒፓውን ገልብጠው ይያዙት። ፊቱ ወይ ይጠፋል ወይ በጣም ይደክማል። እንጨቱ ያው ነው፤ የተገለበጠ ፊት ግን ለአእምሯችን ይከብደዋል።

ስለ መጥቆሩ የጠየቁት በሁለት ከፍዬ ነው የምመልሰው። በአጠቃላይ ጎኑ ሁሉ ከጠቆረ የእጅ ወዝ፣ ብርሃንና ዕድሜ ነው፤ አያስጨንቅም። ጭሱ ከውስጥ ወደ ውጭ ሰርጎ ሥዕል አይሠራም፤ ጥላሸቱና ዝፍቱ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ቅርፊት ሆኖ ይቀራል። ከውስጥ ቀለም እያወጣ የሚሄደው ሌላ ዓይነት ፒፓ ነው፤ ቱርክ ውስጥ ኤስኪሼሂር አካባቢ ከሚቆፈረው ሜርሻም ከተባለ ነጭና ቀላል ድንጋይ የሚቀረጸው። እሱ ሲጨስበት ከነጭ ወደ ማር ቀለም፣ ከዚያም ወደ ቡናማ ይሄዳል። ጥምጥም ያለው ጢማም ሰው ከፈለጉም ሆን ተብሎ የሚቀረጸው በዚያ ላይ ነው። የእርስዎ እንጨት ከሆነ ይህ አይመለከተውም።

የሚያሳስበኝ አንድ ቦታ ብቻ፣ ሳንቲም በሚያህል ስፋት፣ ከሌላው ተለይቶ የጠቆረ እንደሆነ ነው። ይህ እንጨቱ ከውስጥ እየከሰለ መሆኑን ሊያሳይ ይችላል። ትምባሆው የሚሞላበትን ቀዳዳ በመብራት ይመልከቱና በዚያው ቦታ ትክክል ከውስጥ ስንጥቅ፣ ጉድጓድ ወይም ሲነኩት የሚፈረፈር ከሰል መኖር አለመኖሩን ያረጋግጡ። ካለ፣ ፒፓው ከእንግዲህ እሳት ሊነካው አይገባም። እንዲጠቁር ብለው እንዳያጨሱበትም እለምናለሁ፤ አያጠቁረውም፣ ለሳንባዎም ለአፍዎም አይበጅም።

ፊቱ ግን ከእንጨቱ መስመር ብቻ አልመጣም። ቀሪውን ግማሽ የሠራው የእርስዎ አእምሮ ነው። ፓሬይዶሊያ ይባላል፤ ትርጉም በሌለው ቅርጽ ላይ የምናውቀውን ነገር ማየት ማለት ነው። በአእምሯችን የታችኛው ክፍል፣ በተለይ በቀኝ በኩል፣ ፊት ስናይ ከሌላው ሁሉ በላቀ የሚነቃ ቦታ አለ፤ በ1997 ናንሲ ካንዊሸርና ባልደረቦቿ በምስል መመርመሪያ ለይተው አሳይተውታል። ፊት የሚመስል ዕቃ ስናይም ይህ ሥርዓት ሁለት ሰከንድ አይፈጅበትም፤ ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ምላሽ ይሰጣል። ማለትም «ፊት ነው» የሚለው ፍርድ የሚመጣው እርስዎ ከማሰብዎ በፊት ነው። ጦጣዎች ላይ የተደረገ ምርምርም እነሱም ዕቃ ላይ ፊት እንደሚያዩ አሳይቷል። ስለዚህ በራስዎ ላይ እክል አለ ብለው አይስጉ። ቫይኪንግ 1 የተባለችው መንኰራኵር በሐምሌ 1976 እ.ኤ.አ. ከማርስ የላከችው «ፊት» ብዙ ሰው ሲያነጋግር ኖሮ፣ በ1998 እና በ2001 በተሻለ ካሜራ ሲነሣ ተራ ኮረብታ ሆኖ ተገኝቷል። ፊቱን የሠሩት የፀሐዩ አቅጣጫና የምስሉ ጥራት ማነስ ነበሩ። ከላይ ባልኩት መብራት አቅጣጫውን ሲቀያይሩ በእርስዎ ፒፓ ላይም ይኸው ይገጥምዎታል።

የባለቤትዎ ነገር ደግሞ ለጥያቄዎ ትልቁ ማስረጃ ነው። ሳይነገራት አላየችም፤ ሲነገራት አየች። ስም የተሰጠው ቅርጽ ከዚያ በኋላ ሌላ ሆኖ አይታይም። ሞራ ገላጩም ሆነ ስኒ የምታነበዋ ሴት የሚሠሩት በዚሁ ነው፤ «ይሄውልህ መንገድ፣ ይሄውልህ ሰው» ሲባል ዓይን ተከትሎ ይሄዳል። መፈተን ከፈለጉ ስለ ፊቱ ምንም ላልሰማ እንግዳ ፒፓውን ይስጡትና «ምን ይታይሃል?» ሳይሉ «ጎኑ ላይ ያለውን መስመር ወረቀት ላይ ገልብጥልኝ» ይበሉት። የሚሥለውን ሲያዩ የእንጨቱንና የእርስዎን ድርሻ ለይተው ያውቃሉ። ፊቱ አባትዎን መምሰሉም ከዚህ የመጣ ነው፤ በዚህ ዕቃ ፊት ለፊት አእምሮዎ ሊያገኝ የሚፈልገው ማንን እንደሆነ ግልጽ ነው።

እናትዎ የሚሉት ግን ከዚህ ይለያል፤ እንደ ቀልድ አልፈውታልና ላቆምዎ እወዳለሁ። ቅርጽ ላይ ፊት ማየት አንድ ነገር ነው፤ ፊቱ ሲንቀሳቀስ ማየት ሌላ ነው። እኔ የእንጨት ዕቃ ጠጋኝ ነኝ፤ ስለ እሳቸው ምርመራ መስጠት አልችልም። ይሁንና ፓሬይዶሊያን ለሙያዬ ብዬ ስከታተል የተማርኩት አለ። የምሽት ደብዛዛ ብርሃንና የቴሌቪዥን ብልጭታ ብቻ ሊሆን ይችላል። የትዳር ጓደኛቸውን ያጡ ሰዎች ሟቹን ያዩ ወይም ድምፁን የሰሙ መስሏቸው ማውራታቸውም የተለመደ ነው፤ በራሱ በሽታ አይደለም። የዓይን ብርሃናቸው የደከመ አረጋውያን ደግሞ አእምሯቸው ደኅና ሆኖ ሳለ የሌለ ምስል ሊያዩ ይችላሉ፤ ሻርል ቦኔ የተባለው ስዊዛዊ በ1760 የአያቱን ሁኔታ ጽፎ ስላቆየ በስሙ ይጠራል። ሌዊ ቦዲ የሚባለው የመርሳት በሽታም አለ፤ የጃፓኑ ቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ለእሱ መለያ ይረዳ ዘንድ በፓሬይዶሊያ ላይ የተመሠረተ ፈተና አዘጋጅተዋል። ከእነዚህ የትኛውም ይሁን ወይም አንዳቸውም አይሁኑ፣ መለየት የሚችለው ሐኪም ነው።

ስለዚህ ሳይከራከሯቸውና ሳይስቁባቸው ይጠይቋቸው፤ በቀን ብርሃንም ይንቀሳቀሳል ወይ? ቤት ውስጥ ሌላ የሚያዩት ሰው፣ ሕፃን ወይም እንስሳ አለ ወይ? አንዱን ቀን ንቁ ሌላውን ቀን ግራ የገባቸው ይሆናሉ? በእንቅልፋቸው ይጮኻሉ፣ ይወራጫሉ? እጃቸው መንቀጥቀጥ፣ እርምጃቸው መጎተት ጀምሯል? በቅርብ የተቀየረ መድኃኒት አለ? አንዱ እንኳ «አዎ» ከሆነ መጀመሪያ ዓይን ሐኪም፣ ከዚያ የቤተሰብ ሐኪማቸው ዘንድ ይውሰዷቸው። ሁሉም «አይ» ቢሆንም የዓይን ምርመራው አይቅር፤ ሞራ ግርዶሽና ግላኮማ በእሳቸው ዕድሜ ሳይታወቁ የሚቆዩ ናቸው። ምልክቱ በድንገት፣ ከንግግር መተሳሰር ወይም ከአንድ ጎን መድከም ጋር ከመጣ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ 911 ይደውሉ።

እኅትዎን በተመለከተ ከእኔ የሚፈልጉት ምስክርነት አጭር ነው፤ በዚህ ፒፓ ላይ የሰው እጅ ፊት አልቀረጸበትም፣ እንጨቱም ከልማዱ የተለየ ነገር አላደረገም። ሥዕል ስለሚከበርበት ሥርዓት የሚነግሯቸው የንስሐ አባታቸው ናቸው። ትምባሆ መጠጫ ይዘው ሲሄዱ የሚሰሙትን መልስ ግን ከወዲሁ መገመት አይከብደኝም።

ዋጋውን ለጠየቁት፦ ምስሉ አምስት ሳንቲም አይጨምርም። በ2004 የእመቤታችን ፊት ይታይበታል የተባለ የተጠበሰ የአይብ ሳንድዊች ኢቤይ ላይ 28,000 ዶላር መሸጡን ሰምተው ይሆናል። የገዛው የኢንተርኔት ቁማር ቤት ነበር፤ የከፈለውም ለማስታወቂያ ነው። ፒፓ ሰብሳቢ የሚከፍለው ሠሪው ማን እንደሆነ፣ መስመሩ ከላይ እስከ ታች ምን ያህል ቀጥ እንዳለ፣ ስቱኮ አለመኖሩንና ጉዳት አለመድረሱን አይቶ ነው። እንዲያውም ፊት የሚወጣበት የተጠማዘዘ መስመር በእነሱ ሚዛን ከቀጥታው ያንሳል። ሠሪው የሚታወቀው ደግሞ አንገቱ ላይ በተመታው ትንሽ ማኅተም ነው። ደንሂል የተባለው የለንደን ሠሪ ለምሳሌ የተሠራበትን ዓመት የሚያሳይ ቁጥር እዚያው ይመታል። የብርጭቆ ወረቀት ያን ማኅተም ሁለት ሦስት ጊዜ ቢያልፍበት አባትዎ የት የተሠራ ፒፓ እንደገዙ ማወቂያው ጠፋ ማለት ነው።

ቫርኒሹም አይሆንም። እንጨቱን እንደ ላስቲክ ይሸፍነዋል፣ በዕድሜ ቢጫ ይሆናል፣ ሙቀት ከነካው ይነፋና ይላጣል። ሲላጥም የሥሩን ቀለም ይዞ ነው የሚነሣው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን አልኮል ነው፤ ቀለሙ ራሱ በአልኮል የተበጠበጠ ስለሆነ በአልኮል ይለቃል። እጅዎን በሳኒታይዘር አሽተው ሳይደርቅ ፒፓውን ቢያነሡት የጣትዎ ምልክት በ«ጢሙ» መሐል ሊቀር ይችላል። ውሃ ውስጥም አይንከሩት፤ የወይራ ዘይትም አይቀቡት፣ ይበላሻል።

እኔ ብሆን የማደርገው ይህን ነው። ደረቅ ለስላሳ ጥጥ ጨርቅ ወስጄ አቧራውን እጠርጋለሁ። ትንሽ የካርናውባ ሰም በጨርቅ አስነክቼ በእጅ እወለውላለሁ፤ ሰሙ ብርሃን ስለሚያስገባ መስመሩ በዚያ ብቻ በደንብ ይወጣል። ውስጡን ማጽዳት ካስፈለገ ሥራውን የሚያውቅ ጠጋኝ ዘንድ እልከዋለሁ፤ ሰሙና ማኅተሙ ሳይነካ ውስጡ ብቻ እንዲጸዳ በጽሑፍ እነግረዋለሁ። ከመስኮት ፀሐይና ከማሞቂያ ርቆ፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ፤ በውስጡ የቀረው ዝፍት ኒኮቲን አለበት፣ ሕፃን አፉ ውስጥ ሊያስገባው አይገባም።

ፊቱ ጎልቶ እንዲታይ የሚፈልጉ ከሆነ ደግሞ ከእንጨቱ ይልቅ ፎቶው ላይ ይሥሩ። በቀን፣ መስኮት አጠገብ፣ ብርሃኑ ከግራ እንዲመጣ አድርገው፣ ያለ ፍላሽ ያንሡት። አቅጣጫውን እያዞሩ ብዙ ያንሡ፤ ከመሐላቸው ፊቱ ፍንትው ያለበትን መርጠው ጥቁርና ነጩን በስልክዎ ያጉሉት። በዚያ ላይ ቢሳሳቱ መመለስ ይቻላል።